ስለ ቀለምና ስለ ብሎን

ሰው ሥራውን የሚመለከትበት ሌላ ሰው ሲኖር ተጠንቅቆ ቢሠራ አያስደንቅም። ሥራውን ቢያበላሽ አለቃው ይቈጣዋል፤ ደንበኛውም ይርቀዋል። ነገር ግን አንድ ሰው በሩን ዘግቶ፥ ብቻውን ሆኖ፥ ለገዛ ራሱ የሚሆነውን ዕቃ ሲሠራ ለማን ብሎ ይጠነቀቃል? ይህ ጥያቄ ለሚያስበው ሰው ቀላል አይደለም። ምሳሌውን ከሩቅ አገር እናምጣ።

በእንግሊዝ አገር የስፖርት መኪና በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጃቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች አሉ። ኮሊን ቻፕማን የተባለው መሐንዲስ የመጀመሪያ መኪናውን በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው ከአንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ተነሥቶ፥ በሰሜን ለንደን ከአንድ መኖሪያ ቤት ጓሮ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነበር። በ1957 ደግሞ እርሱ ያቋቋመው ሎተስ የተባለው ኩባንያ ሎተስ ሰቨን የምትባለውን ቀላል መኪና አወጣ። በዚያን ዘመን የተገጣጠመ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የግዥ ግብር ይከፍል ነበር፤ ዕቃውን እንደ ተበታተነ ገዝቶ በቤቱ የሚገጣጥም ግን ከዚህ ግብር ነጻ ነበር። በ1973 የግብሩ ሕግ ተለወጠና ይህ ጥቅም ቀረ፤ መኪናይቱን የመሥራትም መብት ካተራም ወደ ተባለው ድርጅት ተላለፈ። ጥቅሙ ቢቀርም ልማዱ እስከ ዛሬ አልቀረም። ከዚህም ሰውን ወደ ጋራዡ የሚስበው ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

እንግዲህ ይህ ሰው መኪናውን ቀለም ሲቀባ እንመልከተው። ቀለም ጉድለትን ይሸፍናል ብሎ የሚያስብ ሰው ቀለም ቀብቶ የማያውቅ ነው። የሚያንጸባርቅ ቀለም ከሥሩ ያለውን ጭረትና ጉድጓድ ይልቁን አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ የቀለም ሥራ የሚበዛው ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት ነው። ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ቅባቱ ይጠረጋል፤ ዝገት የሚከላከለው የመጀመሪያው ቀለም ይቀባል፤ ይደርቃል፤ እንደ ገና በለሰለሰ ወረቀት ይፈገፈጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ሁሉንም ልጦ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዝገቱን ሳይጠርግ በላዩ ስቱኮ ለጥፎ የሚቀባም አለ። ለጥቂት ወራት ከሌላው መኪና አይለይም። ዝገቱ ግን ከሥር ሆኖ ብረቱን መብላቱን አይተውም፤ በመጨረሻም ቀለሙን አሳብጦ ይወጣል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የተባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም።

በዚሁ ጋራዥ ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ቀለም ደግሞ አለ። ጠንቃቃ ሠራተኛ የፍሬኑንና የመሪውን ብሎኖች የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ ካጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ወደ ዳዶው የምታልፍ አንዲት ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምራል። ብሎን ቢላላ በንዝረት ይፈታል፤ ከልክ በላይ ቢጠብቅም ይበጠሳል። መስመሪቱ፥ «ይህ ብሎን በልኩ ጠብቋል» የምትል ምስክር ናት። ኋላም መስመሪቱ ተዛንፋ ብትገኝ ብሎኑ እንደ ተንቀሳቀሰ ታስታውቃለች። ሳያጠብቅ መስመሩን ቢያሰምርስ? ማንም አያውቅበትም። ነገር ግን ምስክር ትሆን ዘንድ የተሠራችው መስመር ያን ጊዜ የሐሰት ምስክር ሆነች ማለት ነው።

«መኪናው የኔ ነው፤ ሕይወቱም የኔ ነው፤ ብሞት የምሞተው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ አነጋገር ነጻነትን ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። መኪናው የእርሱ ቢሆንም መንገዱ የእርሱ ብቻ አይደለም። ከአጠገቡ የተቀመጠው ልጁ፥ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ፥ ከዓመታት በኋላም መኪናውን የሚገዛው ሰው፥ ሁሉም ያቺን መስመር አምነው ነው የሚቀርቡት። በዚያ አገር በቤት የተሠራ መኪና ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት መርማሪ ፊት ይቀርባል፤ ፍሬኑ፥ መሪውና መብራቱ ይመረመራል። መርማሪው ግን እያንዳንዱን ብሎን ፈትቶ አያይም። ሕግ የሚደርሰው ዓይን እስከሚደርስበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚጠብቀው የሠራተኛው ሕሊና ብቻ ነው።

ደግሞም ጥንቃቄ ራሱ ልክ አለው። የቀለሙ መልክ እንከን የለሽ ካልሆነ እያለ ዓመት ከዓመት ሲፈገፍግ ኖሮ መኪናውን ሳይነዳው የሚቀር ሰው አለ። ይህ ሰው ትጋት ያለው ይመስላል፤ ሥራው ግን ፍሬ የለውም። ብልህ ሰው ሁለቱን ለይቶ ያውቃል፤ ይኸውም መልክ ብቻ የሚያጐድለውን ጉድለት ይቅር ይላል፤ ሕይወት የተንጠለጠለበትን ግን ከቶ አይምርም። በክንፉ ላይ የቀረች ጭረት የማንንም ደም አታፈስም፤ የላላ የፍሬን ብሎን ግን ያፈሳል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ መኪና ትሠራ ይሆናል፥ ወይም አትሠራ ይሆናል። ነገር ግን ሒሳብ ትጽፋለህ፤ መድኃኒት ትለካለህ፤ ልጅ ታስተምራለህ፤ ቤት ታሠራለህ። በየሥራው ማንም የማይፈታው ብሎን ይገጥምሃል፤ «አድርጌአለሁ» ብለህ የምታሰምረው መስመርም ይኖራል። መስመሩን ለማስመር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ማጥበቁ ግን ድካም ነው። የሰውም ታማኝነት የሚለካው ከሁለቱ የትኛውን እንዳስቀደመ ነው።