ዝምድናና አማና



አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ አወጣ እንበል። ኃላፊው ወንድማችሁ ነው። ልጃችሁ ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ያለ ሥራ ተቀምጧል። ስልክ ደውላችሁ «ያንተም ልጅ አይደል?» ትሉታላችሁ። ይህን ስትሉ ዝምድናን የቀጠላችሁ እንጂ ሐቅ የነካችሁ አይመስላችሁም።

ዝምድናን መቀጠል በኢስላም የታዘዘ ነው። ወንድማችሁ ከኪሱ ቢረዳችሁ ዝምድናውን ቀጠለ። የሕዝብን ወንበር ቢሰጣችሁ ግን የሰጠው የራሱን አይደለም። አማናን ነው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) በእውነተኛነታቸው የታወቁ ታላቅ ሶሐባ ነበሩ። ሹመት በጠየቁ ጊዜ ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህ ኃላፊነት ደካማ መሆናቸውን ነገሯቸው። ሹመት አማና መሆኑን፣ ሐቁን ላልተወጣም በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን አስጠነቀቋቸው። ደግነት ብቻውን ለሥራው ካልበቃ ዝምድና ብቻውን እንዴት ይበቃል?

ዑመርም (ረ.ዐ) በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ቆስለው ሳሉ ከመካከላቸው ተተኪ እንዲመርጡ ስድስት ሶሐቦችን ሰየሙ። ልጃቸው ዐብደላህ በምክክሩ እንዲገኙ ፈቀዱ፤ ከሹመቱ ግን ድርሻ እንዳይኖራቸው ከለከሉ። ዐብደላህ ዕውቀት ያነሳቸው ሰው አልነበሩም።

የአማካሪና የሕግ ባለሙያ ቅጥር ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አማካሪ የሚፈለገው ኃላፊውን «ይህ ሕገ ወጥ ነው» ብሎ እንዲያስቆመው ነው። በውለታ የገባ አማካሪ ግን አንደበቱ የታሰረ ነው።

በአገራችን በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ክፍት ቦታ በማስታወቂያ እንዲገለጽና ቅጥር በውድድር እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሕግ ግን ቤት ውስጥ በሚደወል ስልክ ይሻራል።

«ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ የእኔ ልጅ ብቻ ለምን ይቀራል?» ትሉ ይሆናል። ሐዘናችሁ ይገባናል። ነገር ግን በልጃችሁ ምክንያት የሚቀረውን ልጅ አስቡት። ምናልባት የቲም ነው፤ እናቱ የምትደውልለት ባለሥልጣን ወንድም የላትም። ያቺ እናት የምታለቅሰው ወደ አላህ ነው።

ለልጃችሁ ማስታወቂያውን አሳዩት፤ ለፈተናው አዘጋጁት፤ ዱዓ አድርጉለት። ወንድማችሁንም ከዚያ ምርጫ ራሱን እንዲያገል ምከሩት። ይህም ዝምድናን መቀጠል ነው፤ ወንድምን በቂያማ ቀን ከሚጠብቀው ጸጸት ማዳን ነውና።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።