ዳጉ ለጠፋበት ሰው

«ጃጁ» እንላለን፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ኧረ ለመሆኑ ሲጃጁ ሰውነት ይቀራል?

በአፋር አገር፣ ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ መንገደኛ ሲገናኝ ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያቀብላል። የሰው ክብሩ ቃሉ ነው። እንግዲያ ትናንትን የዘነጋ ሽማግሌ ክብሩ አለቀ ማለት ነውን?

አይደለም! አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 እንዳሳየው የሚታመመው አንጎል ነው፤ እርግማን አይደለም። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ወንዝ አይደለም ያለው ግን የለም።

ዳጉ የአንድ ሰው ብቻ ሀብት ሆኖ አያውቅም፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ይይዝለታል። ስለዚህ አባባ አሥር ጊዜ ቢጠይቁን አሥር ጊዜ እንመልስ፤ አንሟገታቸው። በዚያ ሐሩር ብቻቸውን እንዳይወጡ እንጠብቅ። ስማቸውን፣ ዘመዳቸውን፣ መንገዳቸውን እኛ እንያዝላቸው።