ብቻውን የሚኖር ሰው እንዴት ይጹም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ እንደምንከለከል ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን ብዙ ስለማይነገርላቸው ጿሚዎች እንነጋገር፤ ብቻቸውን ስለሚኖሩ፣ ብቻቸውን አብስለው ብቻቸውን ስለሚበሉ።

በባሌ ደጋ፣ በሮቤም በጎባም በገሰራም እንዲህ ያሉ ወገኖች ብዙ ናቸው። ለሥራ ተመድቦ የመጣው መምህር፣ ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሩቅ አገር መጥተው የሚያስተምሩም አሉ። ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ የሄዱባቸው እናቶችም አሉ። እነዚህ ሁሉ ሲጾሙ ሦስት ነገር ይፈትናቸዋል።

የመጀመሪያው ራስን መጣል ነው። «ለአንድ ሰው ተብሎ ወጥ ይሠራል እንዴ?» ይላል ላጤው። ዘጠኝ ሰዓት ዳቦ በሻይ፣ ማታም ዳቦ በሻይ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ራሱን ያዞረዋል፤ ቅዳሴ መቆም ያቅተዋል፤ ስግደቱንም ይተወዋል። ከዚያ «ጾሙ አደከመኝ» ይላል። ያደከመው ግን ጾም ነው ወይስ ስንፍና?

ሁለቱም አለመብላት ስለሆኑ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ጾም የምንወደውን ወደንና ፈቅደን ለእግዚአብሔር ስንተውለት ነው። ማብሰል ስለሰለቸን ያልበላነው ምግብ ግን መሥዋዕት አይሆንም፤ ምክንያቱም አልሰጠነውም፣ ዝም ብለን ተውነው እንጂ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 የጾምን ዓላማ ሲያስረዳ ሥጋ ለነፍስ እንድትታዘዝ ነው ይላል። ገበሬ በሬውን የሚገራው እንዲያርስለት ነው፤ በረሀብ ከጣለው ማን ያርስለታል?

ስለዚህ ብቻህን የምትኖር ወንድሜ፣ ብቻሽን የምትኖሪ እኅቴ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ለራስ ማብሰል ቅንጦት አይደለም። አገሩ የገብስና የስንዴ አገር ነው። በሶ መበጥበጥ፣ ቅንጬ መቀቀል፣ ሽሮ ማንተክተክ፣ ቅዳሜ ምስር ቀቅሎ ለሁለት ቀን ማስቀመጥ ማንንም አያቅትም። ማዕዱ አጠገብ አንድ ሰው ብቻ ቢቀመጥም ይባረክ፤ ቆሞ እየተበላ፣ ስልክ እየተነካካ አይለቅ። የታመመ ሰው ደግሞ በራሱ ፈቃድ ራሱን አይጉዳ፤ ንስሐ አባቱን ያማክር።

ሁለተኛው ፈተና «ማን ያየኛል?» የሚለው ነው። በቤተሰብ መካከል ጾሙ በግማሽ ራሱን ይጠብቃል፤ እናት ወተቱን አታቀርብም፣ ሁሉም አብሮ ይቆያል። ብቻውን ያለ ሰው ግን በሩን ከዘጋ በኋላ ጠባቂው ኅሊናው ብቻ ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ጸጋም አለበት። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጾማችን በስውር እንዲሆን አስተምሮናል። እርሱም በገዳመ ቆሮንቶስ ብቻውን ሳለ የመጣበት የመጀመሪያው ፈተና የእንጀራ ነበር። እንግዲህ ብቻውን የሚጾም ሰው ከጌታው ጋር አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ሦስተኛው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው የአበው ተረት ነው። ታዲያ ላጤው ምን ያድርግ? ተረቱ የሚወቅሰው ንፉግን ነው። ብቻ መብላትና ለብቻ መብላት አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ኑሮ ነው፣ ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ለአንድ ሰው የተሠራ ሽሮ ሁልጊዜ ይተርፋል፤ እንጀራውም ሻግቶ ይጣላል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተናግሯል። እንግዲያው ሻግቶ ከሚጣለው ላይ ሳይሆን ትኩሱ ሳለ ተቆርሶ ይሰጥ። የቀረው ቁርስ ዋጋም ኪስ ውስጥ ከቀረ ቁጠባ ሆነ እንጂ ጾም አልሆነም። የሰራፕታዋ መበለት ከነበራት እፍኝ ዱቄት አስቀድማ ለኤልያስ ነበር የጋገረችው።

ቤተሰብ ያላችሁም ይህ ነገር ይመለከታችኋል። ግቢያችሁ ውስጥ የተከራየ ልጅ ካለ ከጾም መፍቻው ሰዓት በኋላ «ና ልጄ፣ አብረን እንቅመስ» በሉት። በ2017 ዓ.ም የእኛ ዐቢይ ጾምና የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳን በአንድ ሰሞን ነበር የዋሉት፤ በእንደ ባሌ ባለ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን እያሰበ ሲጾም ብቸኝነት ይቀላል። ላጤውም ሲጠሩት አይፈር። መስጠት ጽድቅ ከሆነ፣ ሰጪውን ላለማሳዘን በትሕትና መቀበልም መልካም ነው።

እግዚአብሔር አምላክ ብቻቸውን የሚያድሩትን ሁሉ ይጎብኝ፤ ማዕዳቸውን ይባርክ፤ ጾማችንን ተቀብሎ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።