ለውዱእ የበቃ ውሃ ለመጠጥም ይበቃል?

 

መተማ ላይ አንድ አባት ከሰላት በኋላ ያዙኝና፦ «ኡስታዝ፣ የወንዙ ውሃ ቀለሙም ጣዕሙም ሽታውም ደህና ነው። ልጆቼን ግን ያማቸዋል። መድኃኒት ብሰጣቸውም አልሻላቸው አለ» አሉኝ።

ወንድሞችና እህቶች! መድረሳ ላይ የተማርነው ልክ ነው። ነጃሳ የነካው ብዙ ውሃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተለወጠ ለጠሃራ ይበቃል። ይህ ግን የጠሃራ ሑክም እንጂ የጤና ምርመራ አይደለም። ባክቴሪያ ሦስቱንም ሳይለውጥ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከእነዚህ መካከል ደግሞ መድኃኒት የማይገድላቸው አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሆስፒታልና ከሌላ ፍሳሽ ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል።

እንዴት ተላመዱ? ከእኛው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ጉሮሮዬን ሲያመኝ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ አቋረጥኩ፤ የተረፈውን ለዶርም ጓደኛዬ ሰጠሁት። ሰደቃ መስሎኝ ነበር! መድኃኒቱ ደካማውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ የተቋቋመው ተርፎ ይራባል፣ መቋቋሙንም ለሌላው ያስተላልፋል። ለከብቶቻችን በግምት የምንወጋው ቴትራሳይክሊንም እንዲሁ ነው። ከዚያ በሰውና በከብት ዓይነ ምድር አድርጎ፣ ዝናብ ሲጥል ወንዝ ይገባል።

በበጋ ሽንፋ ቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ሰውም ከብትም እዚያው ይወርዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውሃ ላይ መሽናትን ከልክለዋል። ውሃ መቅጃ ላይ መጸዳዳትንም እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። ጓንግም እኛ ዘንድ አይቆምም፤ ድንበሩን ተሻግሮ አትባራ ይባላል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ የገቡትን እንግዶች ተቀብለናል። የእነሱ ወገኖች ወንዙ ወርዶ ከሚደርስበት ይጠጣሉ። የጎረቤት ሐቅ ኬላ ላይ ያበቃል ያለን ማነው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

🔹 ውሃ አፍልተን ወይም ውሃ አጋር ጨምረን እንጠጣ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ሲፈላ ይሞታል፤ ይህ ከአላህ ራሕመት ነው።

🔹 ልጅ ሲያስቀምጠው ቶሎ ኦ.አር.ኤስ. እንስጠው፤ ጤና ጣቢያም እንውሰደው። ከጎረቤት የተረፈ እንክብል አንስጥ፤ ብዙው የልጆች ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈውሰውም።

🔹 ባለሙያ ያዘዘውን አናቋርጥ። የተረፈን መድኃኒት ወንዝ ወይም መጸዳጃ አንጣል።

🔹 ለከብት መርፌ የእንስሳት ሐኪም እንጠይቅ።

🔹 ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ሠራተኛ የምታመጡ ባለሀብቶች! ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ማዘጋጀት የእናንተ አማና ነው።

ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው ሲሞቱ በስማቸው ያቆሙት ሰደቃ ውሃ ነበር። ጉድጓድ መቆፈር ባንችል እንኳ ያለውን አለመበከል ሁላችንም እንችላለን።

ለእኒያ አባት የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው፦ «ውዱእ ያድርጉበት፤ ለልጆቹ ግን ያፍሉላቸው»።

ያ አላህ! ውሃችንን ጠብቅልን፣ ሕፃናቶቻችንን አሽርልን፣ ሳናውቅ ያደረስነውን ጉዳት ማረን። አሚን። ወላሁ አዕለም።