ጽሑፉን ወይስ ሰውየውን?

ልደታ የሚኖሩ አንድ አባት በቅርቡ «ኡስታዝ፣ ለልጄ ሽማግሌ የላከው ወጣት ፌስቡክ ላይ ባለሀብትን ሁሉ ሌባ ይላል፤ ሀብታቸው ይወረስ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ለትዳር ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ውድ አንባቢያን! ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» መሰራጨት ጀመሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ኪሱ ውስጥ ወረቀት የተገኘበት ወጣት ለሞት ይዳረግ ነበር። ጎረቤቱ ግን ለአሮጊት ውሃ የሚቀዳ ልጅ መሆኑን ያውቅ ይሆናል። ግራ ዘመሞቹም በበኩላቸው ያልተስማማቸውን ሁሉ «አድኃሪ» ይሉ ነበር። ሁሉም ከቃል ተነስቶ በሰው ላይ ፈረደ።

ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ምላስም ብዕርም አላህ ዘንድ ያስጠይቃሉ። ንጹሑን ሌባ ማለት በደል ነውና ወጣቱ ሊመከር ይገባል። ነገር ግን ጽሑፉ የሚነግረን ምን እንዳስቆጣው ነው፤ ሲቆጣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም።

ዑመር (ረ.ዐ.) ስለ ሌላው መልካምነት የመሰከረን ሰው ጎረቤቱ እንደሆነ፣ አብሮት እንደተጓዘ፣ በገንዘብ እንደተገበያየው መጠየቃቸው ይወሳል። መስጊድ ውስጥ ሲሰግድ ማየቱ አልበቃቸውም። ለማመስገን ሰላቱ ብቻውን ካልበቃ፣ ለመኮነን ፌስቡክ እንዴት ይበቃል?

እንግዲህ አባቴ፣ እናቱን እንዴት እንደሚያናግር፣ የተበደረውን እንደሚመልስ ጎረቤቶቹን ይጠይቁ። ከዚያ እርሱን ራሱን ያነጋግሩት።

ወላሁ አዕለም።