ጅብ የማይበላው አደራ

በሐረር ዙሪያ ጫት የሚያለማ ገበሬ የሚረጨውን ፀረ ተባይ «መድኃኒት» ይለዋል። አልተሳሳተም። በአማርኛ ሐኪም የሚያዘውም መድኃኒት ነው፤ ቂመኛ ጠላ ውስጥ የሚጨምረውም መድኃኒት ይባላል። የሚለያቸው የያዛቸው እጅ ነው። እጅ ይዞት ሳለ ጥያቄው ብዙም አይከብድም፤ የሚከብደው እጅ ከለቀቀው በኋላ ነው። ቅጠሉ ላይ የቀረው፣ ተርፎ ጓሮ የተቀመጠው፣ ባዶ ሆኖ የተጣለው ጀሪካን የማን ነው? ገበያው «የገዛው» ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን መርዝ በሽያጭ ከእጅ ቢወጣም ከአደራ አይወጣም እላለሁ። አደራ ማለት ሌላው ሰው በዓይኑ ሊጠብቀው ያልቻለውን ነገር እኛ እንድንጠብቅለት መተዉ ነው። ጫት ገዢው ቅጠሉ ላይ ምን እንዳረፈ አያይም፤ ገንዘቡን ሲቆጥር አፍ አውጥቶ ባይናገረውም አደራ ብሏል።

ዲዲቲን እንውሰድ። ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ነፍሳትን የመግደል ኃይሉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ሽልማቱ ከንቱ አልነበረም፤ ዲዲቲ ከወባ ስንቱን አትርፏል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ለእርሻ ሲከለክለው በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ በር የተወለት ለዚሁ ነው። በአገራችን ለዓመታት የቤት ግድግዳ የተረጨበት ይኸው ኬሚካል በሐረርጌ ከግድግዳ ወደ ጫት ማሳ ተሻገረ፤ ተመራማሪዎችም ቅሪቱን በጫት ቅጠል ላይ አግኝተውታል። የጫት ጠባይ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ጎመን ይቀቀላል፣ ድንች ይላጣል፤ ጫት ግን ጥሬውን ይቃማል። ከተቆረጠ በሁለት በሦስት ቀን ጉልበቱን ስለሚያጣ አወዳይ የጫት ገበያ የሚደርሰው በጥድፊያ ነው፤ ጥድፊያውን የለመደ እጅም ከርጭት እስከ ቆረጣ መቆየት ያለበትን ጊዜ ሊያሳጥረው ይችላል። ማጠብም ብዙ አይረዳም። ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም፤ ማደሪያው ስብ ነው፣ ከእናት ሰውነትም ወደ ጡት ወተት ያልፋል። ያ ሕፃን ምንም አልገዛም፣ ምንም አልሸጠም።

ሐረር ስለ ጥራጊ የራሷ ጥንታዊ መልስ ነበራት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት በሚነገረው በጀጎል ግንብ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ማታ የተጣለ አጥንትና ትራፊ ሲነጋ የለም። በአሹራ በዓል ደግሞ ለጅቡ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል። በዚህ የሰውና የጅብ ኪዳን ያደገ ሰው የተጣለ ነገር ሁሉ ይጠፋል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ሲጠፋ አይቷልና። ባዶው የመድኃኒት ዕቃ ግን ከኪዳኑ ውጭ ነው። አንስተው ቢያዩት ላዩ ወዝ ይዟል፤ ክዳኑ በሚጠመዘዝበት አንገቱ ላይ ፈሳሹ ደርቆ ቀርቷል፤ ማስጠንቀቂያው የታተመበት ወረቀት ግማሹ ተልጧል። ይህን ጅብ አይወስደውም። የሚወስደው ሰው ነው፤ አለቅልቆ ውሃ ሊቀዳበት ወይም ዘይት ሊይዝበት።

«ድሃ ምን ያድርግ?» የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ተባይ የጨረሰው ማሳ የዓመት ቀለብ ነው። የእስልምና ሕግም ችግር የተከለከለውን ሊያስፈቅድ እንደሚችል ያውቃል፤ ነገር ግን ፈቃዱን በችግሩ ልክ ይሰፍረዋል። መርጨቱ ችግር ነው እንበል። ረጭቶ በማግስቱ መቁረጥ ግን ችኮላ ነው፤ ባዶውን ዕቃ ጅረት ዳር መወርወርማ የችግር ስም እንኳ አይሰጠውም። ሌላው «ክፉ አላሰብኩም፤ ፈጣሪ ልብን ያያል» ይላል። ያያል። ሆኖም ኦሪት ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወውን ሰው ለወደቀበት በሬ ያስከፍለዋል፤ ሸሪዓም ሳያስብ ነፍስ ያጠፋውን የደም ካሳ ይጠይቀዋል። ንጹሕ ሐሳብ ከኃጢአት ቢያድን እንኳ ከዕዳ አያድንም። ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ግን አደራው የሁሉ ከሆነ የማንም አይሆንም የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ስለዚህ አደራ እንደ ዕውቀት ልክ ይመዘን። ማስጠንቀቂያውን ማንበብ የማይችል ገበሬ አለ፤ ዕቃው ውስጥ ያለውን ሳያውቅ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ሊኖር አይገባም። ይበልጥ የሚያውቀው ይበልጥ ይጠየቅ።

አገሪቱ ባለቤት ያጣ አደራ የሚያስከፍለውን ዋጋ አንዴ ቀምሳለች። ለአንበጣና ለተምች እየተባለ ለአሥርተ ዓመታት የገባ፣ ከፊሉም በዕርዳታ የተሰጠ ፀረ ተባይ ጊዜው አልፎበት በየመጋዘኑ ተከማቸ። በርሜሉ ዝጎ አፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ገደማ የሚሆነው እንደገና ታሽጎ፣ ባሕር ተሻግሮ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ተቃጠለ። ሲገባ ስጦታ የነበረው ሲወጣ ዕዳ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ እያንዳንዱ ማሳ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። አዋጁ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በመድኃኒት ሱቁ ደጃፍ ነው። ስለዚህ በሐረርና በአወዳይ መድኃኒት የምትሸጡ ወገኖቼ፣ ገበሬው ሲመለስ አዲሱን ከመስጠታችሁ በፊት ያለፈውን ባዶ ዕቃ ጠይቁት። ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው መርጫው ውስጥ መግባቱን ጠይቁት፤ ከዚያ ውሃ እንዳይቀዳበት በስታችሁ፣ ቆልፋችሁ አኑሩት።