ስለ «ተንባላት» እና ባልንጀራን ስለ መጥራት

«ትንብልና» የሚለውን የግእዝ ቃል በጸሎት ጊዜ ዘወትር እንሰማለን፤ ምልጃ ማለት ነው። «ተንባል» ደግሞ መልእክተኛ ወይም አማላጅ ነው። ነገር ግን የጥንት የግእዝ ታሪኮችን ስንገልጥ ከዚሁ ሥር የወጣውን «ተንባላት» የሚለውን ቃል እናገኛለን፤ በዚያ የሚጠሩበት ሙስሊሞች ናቸው። በጦርነት ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ስለ ገባም የጠላት ስም ያህል ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ቃል ክፉ የሚሆነው በትርጉሙ ነውን ወይስ በአጠቃቀሙ?

በትርጉሙ ነው እንዳንል ይህ ቃል ይመሰክርብናል፤ አንዱ ሥር በአንድ በኩል ለቅዱሳን ምልጃ፣ በሌላው በኩል ለባላጋራ ውሏልና። ሌላም ምሳሌ አለ። በብዙ የደጋ አገር ሙስሊሙ «ነጋዴ» ይባል ነበር። መነገድ ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ ሙስሊሞች በአብዛኛው የርስት መሬት ስላልነበራቸው በንግድና በሽመና ይኖሩ ነበር። ስሙ ሥራቸውን ይናገራል፤ ከመሬት መገለላቸውን ግን ይሸፍናል።

ትክክለኛው ስም እንኳ በቅጥያው ሊያገል ይችላል። በንጉሡ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል አጠራር የተለመደ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ነበር፤ የሚፈልጉትም «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» መባልን ነበር። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። «የሚኖሩ» የምትለው አንዲት ቃል ባለ አገሩን እንግዳ ታደርገው ነበርና።

«ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉ አይጠፉም። የውጭ ጸሐፊዎች ቤተ ክርስቲያናችንን «ሞኖፊዚት» ሲሏት እኛ ዝም እንላለንን? ተዋሕዶ ነን ብለን እናርማለን እንጂ። ለራሳችን የምንሻውን ለጎረቤታችን ልንነፍገው አይገባም።

ታዲያ የጥንቱን መጽሐፍ እንፋቀው ማለታችን አይደለም። «ተንባላት» በብራናው ይኑር፤ እኛም ትርጉሙንና ዘመኑን እንማር። በገበያ፣ በትምህርት ቤትና በለቅሶ ቤት ለምናገኘው ባልንጀራ ግን የብራናውን የጦርነት ስም አንስጠው። እርሱ ራሱን በሚጠራበት ስም እንጥራው። ይህን ማድረግ ሃይማኖታችንን አያጎድልብንም፤ ለሰው የሚገባውን ክብር መስጠት ነውና።